በኢድሪስ ማሳ ላይ የወደቀው ሣጥን

አሶሳ የደረሰችኝ በዕጣ ነው። በፊዚክስ የተመረቅን ልጆች አንድ አዳራሽ ውስጥ ተሰልፈን ከካርቶን የተጠቀለለ ወረቀት እናወጣ ነበር። ከፊቴ የነበረችው ጓደኛዬ አዋሳ ደረሳትና እልል አለች። እኔ የራሴን ከፍቼ መልሼ ጠቀለልኩት። «የት ደረሰሽ?» ስትለኝ ወረቀቱን ሰጠኋት። አነበበችውና ሐዘን እንደደረሰበት ሰው አቀፈችኝ።

ነቀምት ሄጄ ለወላጆቼ ስነግራቸው እናቴ «ዋቃዮ!» ብላ አምላኳን ጠርታ ተቀመጠች። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስለነበር «እግዚአብሔር ሰው የሚልከው ወደሚፈለግበት ነው» አለኝ። የፊዚክስ አስተማሪ እዚያ ለምን እንደሚፈለግ ግን እንኳን አሶሳ እኔም አላወቅኩም ነበር።

ያኔ ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው። የቢሮዎቹ ታፔላ ቀለሙ በቅጡ አልደረቀም። ወንበር ስለማይበቃ ስብሰባ ሲጠራ ሠራተኛው የየራሱን ወንበር ተሸክሞ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ወንበር ያዘለ ሰው ካያችሁ ስብሰባ አለ ማለት ነው። ተማሪዎቼ የክልላቸውን ስም ደብተራቸው ላይ በየፊናቸው ይጽፉታል፤ ትክክለኛው አጻጻፍ የቱ እንደሆነ እኛ አስተማሪዎቹም እንከራከር ነበር። መብራቱ የጄኔሬተር ነው፤ አመሻሽ ላይ ለጥቂት ሰዓት በርቶ ይጠፋል። እኛ የመንግሥት ሠራተኞቹ ደግሞ ሁላችንም መጤ ነን። የሒሳብ አስተማሪው ከጎጃም፣ ጎረቤቴ ነርስ ከወሎ፣ እኔ ከወለጋ። ገበያ ስንወጣ በድንበሩ ከተማ በኩርሙክ በኩል የገባ የሱዳን ሳሙናና ሽቶ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ በርትኛው ከአረብኛው ተቀላቅሎ ከወዲህ ወዲያ ሲጮህ፣ እኛ በጣት እያሳየን እንገዛለን።

የተከራየሁት ቤት ጣሪያ ላይ አንድ የማንጎ ዛፍ አዘንብሎበት ነበር። ፍሬው በስሎ ቆርቆሮው ላይ ሲወድቅ ተኩስ ይመስለኛል። የመጀመሪያውን ዓመት እንዲሁ ስደነግጥ ከረምኩ። ዛሬ ያ ድንጋጤ የሚሸጥበት ቦታ ቢኖር ሄጄ እገዛ ነበር።

ድንጋጤው ያለ ምክንያት አልነበረም። ድንበሩ ቅርብ ነው፤ ከድንበሩ ማዶ ጦርነት አለ። በኩርሙክ መንገድ አንድ የጭነት መኪና ፈንጂ ረገጠ ተብሎ ከተማው ሁሉ በሹክሹክታ የሚያወራበት ሰሞን ነው። መንገድ ዳር የወደቀ ቆርቆሮ እንኳ ማንም በእግሩ አይነካም።

እንግዲህ በዚያ ሰሞን፣ ዝናቡ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ስለ መስታወት እያስተማርኩ ሳለ ርዕሰ መምህራችን አቶ በየነ በሩ ላይ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘውታል።

«መምህርት ለሊሴ፣ ትምህርቱን አቋርጪና ነይ።»

ወጣሁ።

«ያጠናሽው ፊዚክስ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ስለ ፈንጂ ታውቂያለሽ።»

«ኧረ ጋሼ! እኔ የማውቀው ስለ መስታወት ነው!»

«ለእነሱ ሁሉም አንድ ነው» አሉኝ እየተራመዱ። «ከጸጥታው ቢሮ ሰው መጥቷል። በከተማው የኤሌክትሪክ ነገር የተማረ ሰው አምጡ ተባልኩ። ከአንቺ ሌላ የለኝም።»

የጸጥታው ቢሮ የድሮ መጋዘን ነበር። ከግቢው በር ውጭ፣ ዋርካው ሥር፣ ሰማያዊ የሱዳን ልብስ የተከናነበች ሴት መሬት ላይ ተቀምጣለች። ስታየኝ ብድግ አለች።

«አንተ መምህር ነህ?» አለችኝ። አማርኛ በኋላ የለመዱት ብዙዎቹ የበርታ ሰዎች ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚሉት፤ እኔም ለምጄዋለሁ።

«ነኝ።»

«ባሌ እዚህ አሰሩት። ኢድሪስ። እሱ መጥፎ ሰው አይደለም። ሰማይ ጣለው፣ እሱ አነሳው። በቃ። ሌላ ነገር የለም።»

እጇን ያዝ አድርጌ ገባሁ። ስሟ ሐዋ ነው።

ኃላፊው አቶ ፈቃዱ ይባላሉ። የቀድሞ ታጋይ ናቸው፤ ሲራመዱ በግራ እግራቸው ያነክሳሉ። ሳያስቀምጡኝ ቀጥታ ወደ ጓሮው መስኮት ወሰዱኝና መነጽር ሰጡኝ፤ ሩቅ የሚያሳየውን የወታደር መነጽር።

«የኳስ ሜዳው መሀል ተመልከቺ።»

ሜዳው ላይ አንድ ነጭ ሣጥን ተቀምጧል። ሁለት የጫማ ካርቶን ቢደራረብ ያክላል። ጠመንጃ የያዙ ጥበቃዎች ከሩቅ ከበውታል። በሣጥኑ ጎን ላይ ቀይ መብራት፣ ጤፍ የምታህል፣ ብልጭ ትላለች።

«ዛሬ ጠዋት በአህያ ጭኖ ኬላ ላይ ይዞት መጣ» አሉ አቶ ፈቃዱ። «ማሳዬ ላይ ከሰማይ ወደቀ ነው የሚለው። ቤቱ ስንት ቀን እንዳስቀመጠው አይታወቅም። ወንድሙ ማዶ ነው የሚኖረው። ራሱም ሲፈልግ ይሻገራል። አሁን አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?»

«ጽሑፍ የለውም?»

ከጠረጴዛው ላይ ከሣጥኑ ጋር የመጣ የተቀደደ ነጭ ናይለን አነሱ። በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ «ይህ የሳይንስ መሣሪያ ነው፤ አደገኛ አይደለም፤ ያገኘው ሰው እባክዎ ያሳውቁን» ይላል፤ ከሥሩ የሩቅ አገር አድራሻ አለ። ተርጉሜ ነገርኳቸውና እፎይ አልኩ።

እሳቸው ግን ሳቁ። «እህቴ፣ ፈንጂ የሚያጠምድ ሰው ‹እኔ ፈንጂ ነኝ› ብሎ ይጽፍበታል?»

ናይለኑን አጥፌ መለስኩላቸው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በማግስቱ ጠዋት የመኪና አጀብ ወደ መሀል አገር ይነሣል። ኢድሪስ «ድንበር ተሻግሮ ፈንጂ ያስገባ» ተብሎ በዚያ ይላካል። ሣጥኑ ደግሞ ማንንም ሳይጎዳ ከሩቅ በጥይት ይመታል። ይህን ስሰማ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሣጥኑ ከተበታተነ በኋላ የኢድሪስን እውነት የሚናገርለት ምንም ነገር አይቀርም።

«ሰውየውን ላናግረው?»

አስገቡት። ረጅም፣ ቀጭን፣ በአርባዎቹ መጀመሪያ የሚሆን ገበሬ ነው። እጁ ታስሯል። ዓይኑን ከእኔ ወደ አቶ ፈቃዱ እያመላለሰ ቆመ።

«አቶ ኢድሪስ፣ ሲወድቅ አይተዋል?»

«አይቻለሁ። ቀን ነው። ማሽላ ላይ ወፍ እጠብቃለሁ። ወደ ላይ አየሁ፣ ትልቅ ጃንጥላ ይመጣል። ሰው ይኖራል አልኩ። ሰው የለም። ሣጥን ብቻ።»

«አልፈሩም?»

«ፈራሁ ወላሂ። ግን የኔ ማሽላ ላይ ነው የወደቀ። የራሴን ማሳ ትቼ የት እሄዳለሁ?»

«ለምን ወዲያው አላመጡትም?»

«ወንዝ ሞላ። ሐዋ ‹ለመንግሥት ስጥ› አለ። ወንዝ ቀነሰ፣ አህያ ላይ ጫንኩ፣ መጣሁ። አህያው ሁለት ጊዜ ጣለው።» ወደ አቶ ፈቃዱ ዞረ። «እኔ ራሴ አመጣሁ። ሌባ ራሱ ያመጣል?»

«ሁለት ጊዜ ከአህያ ላይ ወድቆ ካልፈነዳ…» ብዬ ጀመርኩ።

«ጊዜው ሲደርስ የሚፈነዳ ቢሆንስ?» አሉ አቶ ፈቃዱ። «መብራቷን አላየሽም? እየቆጠረ ነው።»

እየቆጠረ ነው። ይህች ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች።

«በደንብ ልየው» አልኳቸው። ከሜዳው ዳር አንድ ትልቅ ኩይሳ ነበር። ከኋላው ተንበርክከን መነጽሩን ያዝኩ። ብልጭ። ቆየች። ብልጭ ብልጭ። ደግሞ ጠፋች፤ ሞተች ስል ብልጭ። የሰዓት ምት ነው የጠበቅኩት። ብጠብቅ ብጠብቅ ምቱን አጣሁት። ዩኒቨርሲቲ እያለን ቤተ ሙከራ ውስጥ ያየሁት አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«አቶ ፈቃዱ፣ መነጽሩን ይያዙና መብራቷ ብልጭ ባለች ቁጥር ያጨብጭቡ።»

«ምን አልሽ?»

«እባክዎ፣ ያጨብጭቡ።»

መነጽሩን ለአንድ ጥበቃ ሰጡ፤ እሱ «አሁን» ሲል እሳቸው ያጨበጭባሉ። ጭብ። ረጅም ዝምታ። ጭብ፣ ጭብ። ዝምታ። ጭብ። ጭብጭብ። እኚያ የተፈሩ ሰውዬ እጃቸውን አየር ላይ ይዘው ቀጣዩን ሲጠብቁ፣ ሲቀድሙት፣ ሲያመልጣቸው፣ ከኩይሳው ጎን የተኛው ጥበቃ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ጌታዬ፣ ይኼ ምን ዓይነት ዘፈን ነው?» አለ።

«ይኸው ነው ነገሩ!» አልኩ። «ጊዜ የሚቆጥር መሣሪያ ቢሆን እኩል በእኩል ይመታ ነበር። ሰዓት እንዲህ አይንገዳገድም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የሚቆጥረው?»

«ጨረር ይመስለኛል። በዓይን አይታይም። ከሰማይም ይመጣል፣ ከአፈሩም ከድንጋዩም ይወጣል፤ እዚህ እንደቆምን እኛንም እየነካን ያልፋል። እንደ ዝናብ ጠብታ ነው። ቀጣዩ ጠብታ መቼ እንደሚያርፍ ማንም አያውቅም።»

አቶ ፈቃዱ ግራ እግራቸውን መታ መታ አደረጉ። «የተበላሸ ሰዓት ቢሆንስ? እኔን የመታኝ የተበላሸ ነው ተብሎ የተተወ ፈንጂ ነው። ጓደኛዬ በላዩ ቆሞ ሲስቅ ነበር።»

ስለ እሳቸው የነበረኝ ስሜት በዚያች ቅጽበት ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ክፉ ሰው ይመስሉኝ ነበር። ሰውየው ግን ፈርተው ነው፤ ፍርሃታቸው ደግሞ እውነት ነበር። ደግሞም ትክክል ናቸው፤ የእኔ ነገር ግምት እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የቤተ ሙከራ አስተማሪያችን ጨረር መቁጠሪያ ነበራቸው፤ የሚቆጠር ጨረር የሚሰጥ ነገር ግን አልነበራቸውም። አንድ ቀን ከመርካቶ የማሾ መረብ ገዝተው መጡ። ማሾ የምላችሁ ያን ፓምፕ እየተደረገ የሚበራውን የላምባ ፋኖስ ነው፤ መረቡ ያች ነበልባሉ ላይ የምትታሰረዋ ነጭ የክር ከረጢት ናት። በክሯ ውስጥ ጥቂት ጨረር የሚሰጥ ንጥረ ነገር አለባት። ቆጣሪው አጠገብ ሲያደርጓት ቆጣሪው ዕብድ ሆኖ ነበር።

«ማሾ አለዎት?» አልኳቸው።

ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። መስታወቱን አውጥቼ መረቡን በጣቴ ነካ ሳደርገው እጄ ላይ አመድ ሆኖ ረገፈ። አንዴ የተቃጠለ መረብ እንደዚያ መሆኑን በድንጋጤ ረስቼው ነበር። ፀሐይዋ ደግሞ እያዘቀዘቀች ነው።

«አዲስ ያስፈልገኛል። ገበያ ሰው ይላኩልኝ።»

«አንድም ሰው ከቦታው አይነቃነቅም» አሉ።

ይህን ጊዜ ከበሩ በኩል ድምፅ መጣ። ሐዋ ናት፤ ሁሉንም ስትሰማ ቆይታለች። «እኔ ይሂድ?» አለች። «ምን ልምጣ?»

እጄ ላይ የቀረውን አመድና የታሰረበትን ክር አሳየኋት። «የማሾ መረብ። አዲስ፤ እሳት ያልነካው።»

ነጠላ ጫማዋን አወለቀች፣ በእጇ ያዘች፣ ልብሷን ሰበሰበችና ሮጠች። ሰማያዊው ልብሷ በቀዩ መንገድ ላይ እየራቀ ሲሄድ አሁንም ይታየኛል። ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም። አቶ በየነ ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው ሲያደርጉ፣ መልሰው ሲያወልቁ አስታውሳለሁ። ተመልሳ ስትመጣ ትንፋሿ ተቆራርጦ ነበር፤ ቡጢዋን ስትከፍት በወረቀት የታሸገች መረብ አለች።

«አዲስ ነው» አለች። «ሱዳን ነው።»

አሁን አንድ ጥያቄ ቀረ። ማን ይውሰደው?

ኢድሪስ ከኋላ፣ በሁለት ፖሊሶች መሀል ሆኖ፣ «እኔ ልውሰድ። ከሱ ጋር ተኝቻለሁ፣ አልገደለኝም» አለ። አቶ ፈቃዱ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ተጠርጣሪው ራሱ ቢሄድ ሙከራው ዋጋ እንደማይኖረው እኔም ገብቶኛል።

«እኔ እሄዳለሁ» አልኩ።

አቶ በየነ «ልጄ፣ ተይ» አሉኝ። «መምህርት» ሳይሉ «ልጄ» ያሉኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ያ ሜዳ ተማሪዎቼ ኳስ ሲጫወቱ አጭር ነበር። ያን ቀን አላልቅ አለኝ። ጭቃው ጫማዬን ይይዘዋል። በኦሮምኛ፣ እናቴ ማታ ማታ የምትጸልየውን ጸሎት ጀመርኩ፤ ግማሹ ጠፋኝና የቀረውን ደጋገምኩት። እውነት ለመናገር ስለ ፊዚክስ ምንም እርግጠኛ አልነበርኩም። መጽሐፉ ልክ ነው ብዬ ፈተና ላይ ጽፌ አውቃለሁ፤ ነፍሴን አስይዤበት ግን አላውቅም።

ደረስኩ። ተንበረከክኩ። ሣጥኑ ትንሽ ጭቃ ነክቶታል፤ አንድ ጠርዙ የአህያ ጭነት ገመድ ፈግፍጎታል። ብልጭ። ቆየች። ብልጭ። ወረቀቱን ቀድጄ መረቡን መብራቷ ያለችበት ጎን ላይ ለጥፌ ያዝኩት።

መብራቷ አበደች። ብልጭ ብልጭ ብልጭ፣ ቆሎ ምጣድ ላይ እንደሚፈነዳ።

«ያጨብጭቡ!» ብዬ ጮህኩ።

ከኩይሳው በኩል ጭብጨባው ተጀመረ፤ እየፈጠነ ሄደ፤ ጥበቃዎቹም ገቡበት፤ ማንም ሊከተላት አልቻለም፤ ሜዳው ሰርግ ቤት ሆነ። መረቡን አራቅኩት፤ ዝም ብላ ወደ ድሮዋ ተመለሰች። ጭብጨባውም ተቆራረጠ። ደግሜ አስጠጋሁ፤ ደግማ አበደች። እየሳቅኩ ነበር፤ እንባዬም ይወርዳል።

ቀና ስል አቶ ፈቃዱ እያነከሱ ወደ እኔ ይመጣሉ። ጥበቃዎቹ ተከትለዋቸው ሊመጡ ሲሉ በእጃቸው መለሷቸው። አጠገቤ ሲደርሱ አንድ ቃል ሳይናገሩ እጃቸውን ዘረጉ። መረቡን ሰጠኋቸው። አስጠጉ። አራቁ። አስጠጉ። ፊታቸው የትንሽ ልጅ ፊት ሆነ።

«እኔን ነው የሚሰማኝ» አሉ በቀስታ።

«መረቡን ነው» አልኳቸው።

«ይሁን። ክፈቺው። እዚሁ ነኝ።»

ካቻቢቴ አስመጡልኝ። ክዳኑን አነሳሁ። ፈንጂ የለም፤ ባሩድ የለም። ባትሪዎች፣ እንደ እስክሪብቶ ቀጭን የሆነች የብረት ቱቦ፣ ከእሷ ጋር ደግሞ መዳፌን የማትሞላ አረንጓዴ ሰሌዳ። በሕይወቴ እንዲያ ያለ ጥቅጥቅ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም ነበር። እኛ ዩኒቨርሲቲ የሠራናት ትንሿ ሬዲዮ እንኳ የእንጀራ ሰፌድ ታክል ነበር። በዚህች ሰሌዳ ላይ ግን አንድ ነገር አስገረመኝ። ሦስት አንድ ዓይነት ጥቁር ቺፖች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ቁጥራቸው አንድ ነው፣ የሚገባባቸው መስመር አንድ ነው፣ የሦስቱም መውጫ ወደ አንድ አራተኛ ቺፕ ይሄዳል። ቦታ እንዲህ በተቆጠበበት ሰሌዳ ላይ አንድ ሥራ ለሦስት ለምን ተሰጠ? አመሻሹ ጨልሞ ሰሌዳው እስኪጠፋኝ አየሁት። አልገባኝም።

በማግስቱ የመኪና አጀቡ ያለ ኢድሪስ ሄደ። አቶ ፈቃዱ ከበላዮቻቸው ጋር በሬዲዮ ሲነጋገሩ አደሩ መሰለኝ፤ ዓይናቸው ቀልቷል። ሰውየውን በራሳቸው እጅ ፈቱትና «አቶ ኢድሪስ፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አሉት።

ኢድሪስ እጁን እያሻሸ ትንሽ አሰበ። «ነገ ሌላ ቢወድቅ፣ ላምጣ ወይስ ልተው?» አለ። መቀለዱ አልነበረም።

አቶ ፈቃዱም ሳይስቁ መለሱለት። «አትንካው። መጥተህ ጥራኝ። ከእሷ ጋር እንመጣለን።»

በናይለኑ ላይ ባለው አድራሻ ጽፈን፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የሣጥኑ ባለቤቶች መጡ። አንድ ሽበታም የውጭ አገር መሐንዲስ ነበር፤ ፀሐይ አቃጥላው ፊቱ በርበሬ መስሏል። ሣጥኑ በትልቅ ፊኛ ተሰቅሎ ከደመና በላይ ሲበር የነበረ የሙከራ መሣሪያ ነው፤ ነፋስ ካሰቡት መንገድ አውጥቶ ወስዶባቸዋል። በትክክል መሥራቱ ከተረጋገጠ እንደሱ ያለ ሌላ ሣጥን ወደ ሌላ ፕላኔት በሚላክ መንኮራኩር ይሳፈራል። በእሱ ሣጥን ምክንያት ሰው መታሰሩን ስነግረው መሐንዲሱ ምሳውን መብላት አቆመ። ኢድሪስ ቤት ድረስ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ይቅርታ ጠየቀው። ኢድሪስም ማሽላው የተሰበረበትን ቦታ አሳየው፤ ሁለቱ አጎንብሰው ሲያዩ ትርጉም አላስፈለጋቸውም።

እኔ የጠበቅኩት ሌላ ነገር ነበር። መሐንዲሱ ሊሄድ ሲል ሰሌዳውን አሳየሁትና «ለምን ሦስት?» አልኩት።

ቆም ብሎ አየኝ። «ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ እንኳ ጥቂት ነው» አለ። «መሣሪያው የሚቆጥረው ጨረር መሣሪያውን ራሱንም ይመታዋል። ጠፈር ላይ ደግሞ ብዙ ነው። ሲመታው ሐሳቡ ይዛባል፤ ‹አዎ› የነበረው ‹አይደለም› ይሆናል። ስለዚህ አንዱን ጥያቄ ለሦስቱም እናቀርባለን። አራተኛው ሁለቱ የተስማሙበትን ይቀበላል።»

«በወፍራም ብረት ለምን አትከልሉትም?»

«ይከብዳል። መንኮራኩሩ አይሸከመውም። ቢከልሉትም ሰብሮ የሚገባ አለ። እንዳይመታ ማድረግ አንችልም። ተመትቶ እንዲቀጥል ማድረግ ግን እንችላለን።»

«የተሳሳተውስ?»

«ሁለቱ ትክክሉን መልሰው ይጽፉለታል። አይጣልም። በሚቀጥለው ጊዜ ትክክል የሚሆነው እሱ ሊሆን ይችላል።»

አንባቢዬ፣ ሰው ሕይወቱን የሚለውጠው መቼ እንደሆነ ብዙ ጊዜ አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ። ያች መልስ ናት። የዝውውር ማመልከቻ ማስገባት ተውኩ፤ አሶሳ ጥቂት ዓመት ቆየሁ፤ ማታ ማታ በጄኔሬተሩ መብራት ኤሌክትሮኒክስ አነበብኩ፤ በኋላም የትምህርት ዕድል አገኘሁ። ብዙ ዓመት የሠራሁት ያን ሥራ ነው፤ ጠፈር ለሚሄዱ የሳይንስ መሣሪያዎች መዳፍ የማትሞላ ሰሌዳ መንደፍ። ቺፖቹን ጨረር በሚተፋ መሣሪያ ፊት አስቀምጠን መቼ እንደሚሳሳቱ እንጠብቃለን። ሲሳሳቱ እንመዘግባለን፤ ከዚያ ስህተቱን የሚያርም መንገድ እንፈልጋለን። ክብደት በግራም እየተሸራረፈ፣ ቦታ በፀጉር ውፍረት እየተለካ። አሁን አዲስ አበባ ለወጣቶች አስተምረዋለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከዚያ በኋላ ያየኋቸው ቤተ ሙከራዎች ሁሉ እንደዚያ ኳስ ሜዳ አላስተማሩኝም። የተማርኩት ነገር የፈተና መልስ ብቻ እንዳልሆነ፣ አንድ ሰው በእሱ ሊታሰርም ሊፈታም እንደሚችል ያየሁት እዚያ ነው። ለፈራ ሰው ደግሞ «አትፍራ» ማለት ዋጋ እንደሌለው፣ ነገሩን በገዛ እጁ እንዲሞክረው መስጠት እንደሚሻል ያየሁት ከአቶ ፈቃዱ ነው። ዛሬም ተማሪዎቼ «ይህ እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን?» ሲሉኝ ክርክሬን ትቼ መሣሪያውን እሰጣቸዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ አሶሳ ሄጄ ነበር። ከተማው አድጓል፤ መንገዱ አስፋልት ሆኗል፤ ባጃጅ ይርመሰመሳል፤ ሻይ ቤት የተቀመጠው ሰው ሁሉ ስለ ጉባው ግድብ ያወራል። ወንበሩን ተሸክሞ ወደ ስብሰባ የሚሄድ ሰው ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። አቶ በየነም አቶ ፈቃዱም የሉም፤ አቶ በየነ በጡረታ አገራቸው ገብተዋል፣ አቶ ፈቃዱ አርፈዋል። ባጃጅ ይዤ በኩርሙክ መንገድ ወጣሁ።

ኢድሪስ አርጅቷል፤ ወዲያው ግን አወቀኝ። ሐዋ ቀዝቃዛ ቀይ የከርከዴ መጠጥ አመጣች። የማሽላው ማሳ ጥግ፣ የዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን።

«አሁን ምን ሥራ ነህ?» አለኝ።

«እንደዚያ ዓይነት ሣጥን እሠራለሁ። ያን ማሳዎ ላይ የወደቀውን።»

ኢድሪስ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ ለሐዋ በበርትኛ ነገራትና እሷም አፏን ይዛ ሳቀች።

«የት ነው አሁን? ያንተ ሣጥን?»

ወደ ሰማይ አሳየሁት። ቀን ስለሆነ ምንም አይታይም። «ሩቅ ነው። ከጨረቃ ያልፋል። እየሄደ ነው።»

«ይወድቃል?»

«ምናልባት። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሌላ ፕላኔት ላይ።»

«እዚያ ማሳ አለ?»

«የለም።»

«ኬላስ?»

«ኬላም የለም። ሰው የለም።»

ኢድሪስ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ቆየ። ከዚያ የተረጋጋ ሰው እንደሚያደርገው እግሩን ዘረጋ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ። «ማንም አይታሰርም።»